የቫይኪንግ ዘመን ምግብ በራሳችን እጅ፦ ከገብስ ቂጣ እስከ ጉድጓድ ጥብስ

የቫይኪንግ ምግብ ሲባል ብዙ ሰው አይኑ ላይ የሚመጣበት ፊልም ላይ ያየው ነው፣ ሙሉ በሬ እሳት ላይ ተሰቅሎ ሲገላበጥ፣ ፂማም ሰዎች በቀንድ ዋንጫ ሲጠጡ ምናምን። ትክክለኛው ማዕድ ግን እንደዛ አልነበረም። ገብስ ነበር፣ ዓሣ ነበር፣ ቅቤና አጓት፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ላለው ሰው ደግሞ ማር። አሁን ይሄን ምግብ እንደ ሆቢ ይዘው በቁም ነገር የሚሠሩ ሰዎች ስካንዲኔቪያ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፖላንድ ውስጥ ሞልተዋል፣ እኔም የያዝኩት ስዊድን ከመጣሁ በኋላ ነው። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው ትግስትና ድስት ውስጥ በገባው ነገር ሁሉ ላይ "ይሄ ያኔ መኖሩን በምን እናውቃለን?" ብሎ መጠየቅ ነው። ይቺን ጥያቄ ከያዛቹ ሌላው ሁሉ በተግባር ይመጣል።

ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ ብዙ ጊዜ የቫይኪንግ ዘመን የሚባለው እንግሊዝ ውስጥ የሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈበት ከ793 እስከ 1066 ያለው ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ቦታው የዛሬዎቹ ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን፣ ከዛ ደግሞ የሰፈሩባቸው አይስላንድ፣ ግሪንላንድና እንግሊዝ ውስጥ ዮርክ አካባቢ። ይሄ ሰፊ አገር ነው፣ ስለዚ ሁሉም አንድ አይነት ይበሉ ነበር ብላቹ እንዳታስቡ። ከመጀመራቹ በፊት አንድ ቦታ ምረጡ፣ ለምሳሌ "የ10ኛው ክፍለ ዘመን ዮርክ" ወይም "ሰሜን ኖርዌይ"፣ ሥራው በጣም ይቀላቹሃል።

ደረጃ 1፦ ማስረጃው የቱ ጋር እንዳለ ማወቅ

ቫይኪንጎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ አልተዉልንም፣ አንድም እንኳን። ከሰሜን አውሮፓ ከተረፉት የወጥ አሠራር ስብስቦች ቀደምት የሚባለው 1300 አካባቢ በተጻፉ ብራናዎች ነው የደረሰን፣ እሱም ቫይኪንጎች ካለፉ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የተጻፈ ነው፣ ውስጡ ያለውም ቀረፋ ምናምን የሚገባበት የሀብታም ቤት ምግብ ነው። ስለዚ ኢንተርኔት ላይ "ኦሪጅናል የቫይኪንግ ሪሲፒ" የሚል ነገር ስታዩ ዘመናዊ ሰው ገምቶ የሠራው መሆኑን እወቁ። መገመት ችግር የለውም፣ እኛም እንገምታለን፣ ግን ግምቱ ከመሬት በወጣ ነገር ላይ መቆም አለበት።

ከመሬት የወጣው ደግሞ ትንሽ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ቢርካ የሚባል የንግድ ከተማ አለ፣ ሜላረን ሐይቅ ላይ ያለ ደሴት ነው፣ እዛ ያልማር ስቶልፔ የሚባል ተመራማሪ ከ1871 ጀምሮ ከ1,000 በላይ መቃብር ቆፍሯል፣ ከመቃብሮቹም ለሟች የተቀመጡ ትንንሽ የከሰሉ ዳቦዎች ተገኝተዋል፣ ሲመረመሩ በአብዛኛው ገብስ ነው የነበረባቸው። ኖርዌይ ውስጥ በ1904 የተቆፈረው የኦሰበርግ መርከብ በ834 ሁለት ሴቶች የተቀበሩበት ነው፣ አብሯቸው የብረት ድስት፣ ድስት መስቀያ ባለሦስት እግር ብረት፣ መጥበሻ፣ ባልዲዎችና የዱር ፖም ጭምር ወጥቷል። ዮርክ ላይ ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ተቆፍረው የፖም፣ የፕለምና የእንጆሪ ዘሮች፣ ዲል (እንስላል የሚመስል ማጣፈጫ ቅጠል)፣ ድንብላል ሁሉ ተገኝቷል። እዛው ዮርክ በ1972 የባንክ ሕንፃ ሊሠራ ሲቆፈር ደርቆ የቆየ የሰው ዓይነ ምድር ተገኝቶ ሲመረመር ሰውየው ስጋና ዳቦ ይበላ እንደነበር፣ ሆዱ ውስጥም በጣም ብዙ የትላትል እንቁላል እንደነበረ ታውቋል። ለምግብ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ምስክር የለም።

የጽሑፍ ምስክርም አለ። ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ የሚባል ከአንዳሉስ የመጣ ተጓዥ በ965 አካባቢ ሄዴቢ የሚባለውን ከተማ አይቷል (ዛሬ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ነው) እና የሰዎቹ ዋና ምግብ ዓሣ ነው፣ ምክንያቱም እዛ በብዛት ስላለ ብሎ ጽፏል። በ2017 ደግሞ ሄዴቢ ላይ የተገኙ የኮድ ዓሣ አጥንቶች ዲኤንኤ ሲታይ ዓሣው ከሰሜን ኖርዌይ ባሕር የመጣ ሆኖ ተገኘ። ደርቆ ያን ሁሉ ርቀት ተጉዞ ነው የተበላው ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል

ከማውጣቱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው። ድንች የለም። ቲማቲም የለም። በቆሎ፣ በርበሬ፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ ፎሶልያ፣ እነዚህ ሁሉ ከአሜሪካ አህጉር ከኮሎምበስ በኋላ የመጡ ናቸው። ስኳር፣ ሩዝ፣ ቡና፣ ሻይም አውጡ። ብርቱካናማው ካሮት ራሱ በኋላ የመጣ ነው፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ ካሮት ካገኛቹ ግን ችግር የለውም።

የሚገባው፦ ገብስ በዋናነት፣ አጃ፣ ራይ፣ ትንሽ ስንዴ (ስንዴ የሀብታም ነበር፣ በአንድ ጥንታዊ የኖርስ (የቫይኪንጎቹ ቋንቋ) ግጥም ላይ ድሃው ቤት የሚቀርበው ፉርሽካ የበዛበት ወፍራም ዳቦ ሲሆን ጌታው ቤት ግን ስስ ነጭ የስንዴ ዳቦ ነው)፣ አተር፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ ጥቅል ጎመንና ቅጠል ጎመን፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፖም፣ የጫካ እንጆሪዎች፣ ሄዝልነት። ማጣፈጫ ሰናፍጭ፣ ዲል፣ ድንብላል፣ የጥድ ፍሬ። ከእንስሳ በግ፣ ከብት፣ አሳማ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ ዝይ። አሳማ የማትበሉ ሰዎች ምንም አትጨነቁ፣ በግና ከብት ይዛቹ ሙሉ በሙሉ ትክክለኛ ማዕድ መሥራት ትችላላቹ፣ በተለይ የአይስላንድ ማዕድ ከመረጣቹ በግና የወተት ነገር ነው ብዙው።

ቅቤ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከአገር ቤት የመጣ ንጥር ቅቤ እንዳትጠቀሙ። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ አብሹ ድስቱን ይቆጣጠረውና የምትሠሩት ነገር ሌላ ምግብ ይሆናል። ተራ ጨው ያለው ለጋ ቅቤ ከሱፐርማርኬት ግዙ።

ጨው ራሱ ሰሜን ላይ በቀላሉ አይገኝም ነበር፣ ፀሐዩ ባሕር ውሃን ለማድረቅ ስለማይበቃ በእሳት ነው የሚያፈሉት፣ ያ ደግሞ ብዙ እንጨት ይበላል። ለዛ ነው ምግብ ሲያቆዩ በብዛት በማድረቅ፣ በማጨስና በኮመጠጠ አጓት ውስጥ በመንከር የነበረው። እናንተም ጨው ቀነስ አድርጉ፣ ቅቤው ውስጥ ያለው ብዙውን ይሸፍናል።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያለው ይበቃል፣ አንድ ከባድ ድስት፣ አንድ የብረት መጥበሻ፣ የእንጨት ማማሰያ። ለትክክለኛነት ከተጨነቃቹ ግን ይሄን እወቁ፣ ዛሬ ካምፒንግ ሱቅ የሚሸጠው በቅርጽ ፈሶ የሚሠራው ካስት አይረን ድስት በዛ ዘመን እዛ አልነበረም፣ የነሱ ብረት ድስት ተቀጥቅጦ የሳሳ ብረት በብሎን መሰል ምስማር ተያይዞ የተሠራ ነው። ኖርዌይ ላይ ደግሞ ሶፕስቶን ከሚባል ለስላሳ ድንጋይ የተጠረበ ድስት በጣም ይጠቀሙ ነበር፣ ሙቀት ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላም ቶሎ አይለቅም፣ ወጡ ከእሳት ወርዶ እንኳን መንተክተኩን ይቀጥላል። ሶፕስቶን ካገኛቹ በፍጹም ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ ዘይት ቀብታቹ በትንሽ እሳት ቀስ በቀስ አለማምዱት፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። ዴንማርክ አካባቢ ሸክላ ድስት ነበር ብዙው፣ ስለዚ ቤታቹ የተሟሸ የሸክላ ድስት ካለ ሦስት ድንጋይ ጉልቻ ላይ ጥዳቹ መሥራት ትችላላቹ፣ ማንም አይቃወማቹም።

መጥበሻቸው ረጅም እጀታ ያለው ክብ ጠፍጣፋ ብረት ነበር። ተመሳሳይ የሚሠሩ አንጥረኞች ፌስቲቫል ላይ ይሸጣሉ፣ ግን ውድ ስለሆነ እዚህ ሆቢ ውስጥ መቆየታቹን ካረጋገጣቹ በኋላ ግዙ።

ደረጃ 4፦ እሳት

ውጪ የምትሠሩ ከሆነ ነበልባል ላይ አይደለም የሚበሰለው፣ ፍም ላይ ነው። የቫይኪንግ ቤት ውስጥ መሐል ለመሐል ረዘም ያለ ምድጃ ነበር፣ አንዱ ጫፍ ነበልባሉ ለብርሃንና ለሙቀት ሲነድ ሌላው ጫፍ ላይ ፍሙ ተጠርጎ ይበሰልበታል። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ እሳቱን ረዘም አድርጋቹ አንድዱና በአንድ በኩል ብቻ እንጨት ጨምሩ፣ ፍሙን ወደ ሌላው ጫፍ እየሳባቹ ሥሩበት። በርች፣ ኦክ ወይም ቢች እንጨት ጥሩ ነው። ቀለም የተቀባ ወይም የታከመ እንጨት፣ የፓሌት ምናምን፣ ምግብ አጠገብ አይቅረብ። በጋ ላይ ደግሞ ስዊድንም ኖርዌይም እሳት የሚከለከልበት ጊዜ አለ፣ ከመውጣታቹ በፊት የአካባቢያቹን ኮሙን (የከተማ አስተዳደር) ዌብሳይት እዩ።

አፓርታማ ውስጥ የምትኖሩም ስቶቭ ላይ ሥሩ፣ ከጉድጓዱ በስተቀር ሁሉም ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የገብስ ቂጣ

ከዚህ ጀምሩ። ሁሉም ሰው ከዚህ መጀመር አለበት ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ገብስን ሳያውቁ ይሄን ዘመን ማወቅ አይቻልም።

300 ግራም የገብስ ዱቄት፣ 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ አንድ ሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ለስለስ ያለ ቅቤ፣ እና 250 ሚሊ ሊትር አካባቢ አሬራ ወይም አጓት። ስዊድን ያላቹ ዱቄቱን ኮርንምዮል ብላቹ ፈልጉ፣ በአሬራ ፈንታ ፊልምዮልክ በትንሽ ውሃ አቅጥናቹ መጠቀም ትችላላቹ። የበሶ ዱቄት ግን አይሆንም፣ የተቆላ ስለሆነ ሊጡ አይያያዝም።

ቅቤውን ደረቁ ዱቄት ውስጥ በጣታቹ እሹት፣ ከዛ አሬራውን ትንሽ ትንሽ እያረጋቹ አቡኩ። መጀመሪያ በጣም ቀጭን ይመስላቹሃል፣ ዱቄት አትጨምሩ፣ ተዉት። ገብስና ተልባ ውሃ የሚጠጡት ቀስ ብለው ነው፣ ሸፍናቹ 30 ደቂቃ ስታስቀምጡት ጠንከር ይላል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ስትነኩት ጣት ላይ ትንሽ የሚይዝ፣ ግን የማይንጠለጠል መሆን አለበት። የስንዴ ሊጥ የለመደ እጅ ሲስበው እንዲለጠጥ ይጠብቃል፣ ይሄ አይለጠጥም፣ ብትስቡት ይቆረጣል፣ ስለዚ ማሸት ብዙም ጥቅም የለውም።

12 ቦታ ቆርጣቹ ድቡልቡል አድርጉና በገብስ ዱቄት በተነሰነሰ ጣውላ ላይ በመዳፋቹ ጠፍጥፉት፣ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ የማይሞላ። ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ሊጡ ደርቋል ማለት ነው፣ እጃቹን አሬራ ውስጥ ነክራቹ እንደገና ሰብስቡት፣ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግን ምንም አይደለም፣ እሱ መልኩ ነው። መሐሉን በጣት ወይም በእንጨት ብሱት፣ ሰሜኖቹ ዳቦን በስተው እንጨት ላይ ሰቅለው ማቆየት ለብዙ መቶ ዓመታት የያዙት ልማድ ነው።

መጥበሻው ቅባት ሳይነካው ይጋል፣ መካከለኛ እሳት ላይ በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ። ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ሲወጡና የተቆላ ገብስ ሽታ ቤቱን ሲይዘው ደርሷል። ውጪ ከሆናቹ ከመጥበሻ አውጥታቹ ፍሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስደግፋቹ ጠርዙን አድርቁት። ትኩሱን በቅቤ ብሉ፣ በዛው ቀን፣ በማግስቱ ድንጋይ ነው። ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ከፈለጋቹ ግን ሆን ብላቹ በትንሽ እሳት ሙሉ በሙሉ አድርቁትና ስትበሉ ሾርባ ውስጥ ነክራቹ ብሉት።

ደረጃ 6፦ የበግ ቅቅል በገብስና በባሮ

ስለ ጥብስ ብዙ ይወራል፣ ነገር ግን በኖርስ ግጥሞች ውስጥ አማልክቱ ጋር እንኳን ስጋ የሚቀቀል ነገር ነው። ቫልሃላ ውስጥ፣ በጦርነት የሞቱ ጀግኖች ይገቡበታል በሚባለው የአማልክት አዳራሽ፣ አንድህሪምኒር የሚባለው ወጥ ሠሪ ሴህሪምኒር የሚባለውን ከርከሮ በየቀኑ ኤልድህሪምኒር በሚባል ድስት ነው የሚቀቅለው። ደግሞ ትርጉም ይሰጣል፣ በጥብስ ስቡ እሳት ላይ ይንጠባጠባል፣ በቅቅል ግን አንድም ጠብታ አይባክንም፣ ቅዝቃዜ ባለበት አገር ስብ ማለት ሕይወት ነው።

ለ4 ሰው፣ 600 ግራም አጥንት ያለው የበግ ስጋ፣ 150 ግራም የተፈተገ ገብስ ማታ የተነከረ፣ አንድ እፍኝ ደረቅ አተር እሱም የተነከረ፣ ሁለት ባሮ፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዘር፣ ዲል፣ ጨው። ስጋውን በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጥዳቹ ቀስ ብሎ ይፍላ፣ አረፋውን ግፈፉ፣ ከዛ ፈላ ፈላ ሳይል እየተንተከተከ አንድ ሰዓት። ገብሱና አተሩ ይግባና ሌላ 45 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጎመን፣ ባሮውና የተፈጨው ሰናፍጭ ገብተው 15 ደቂቃ። ሽንኩርት አቁላሉ አላልኩም፣ እንዳታቁላሉ፣ የእኛ ሰው እጅ ወደዛ ይሄዳል። የዚህ ምግብ ጣዕም የሚመጣው ከአጥንቱና ከረጅሙ ሰዓት ነው። ዲሉን ስታወጡት ላዩ ላይ።

ለጾም ስጋውን አውጥታቹ አተሩን እጥፍ አድርጉ፣ የተቆላ ሄዝልነት ወቅጣቹ መጨረሻ ላይ ጨምሩ፣ ስብ የሚሰጠው እሱ ነው። ገብሱን ብቻ ውሃ ውስጥ ቀቅላቹ ካወፈራቹት ደግሞ ገንፎ ሆነ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ተደርጎ የሚበላው አይነት፣ እሱን ለሐበሻ ማስተማር አያስፈልግም።

ደረጃ 7፦ ደረቅ ዓሣ

ይሄኛው ነው ለኔ የሆቢው ልብ። ሰሜን ኖርዌይ ሎፎተን ላይ ኮድ ዓሣ በክረምት ተይዞ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሁለት ሁለት ሆኖ በጅራቱ ታስሮ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት አካባቢ (በነሱ አቆጣጠር) ጨው ሳይነካው በነፋስና በቅዝቃዜ ብቻ ይደርቃል። አየሩ ዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ስለሆነ ዓሣው አይበሰብስም፣ በጣም ስለማይቀዘቅዝ ደግሞ አይበላሽም። ዛሬም በዛው መንገድ ይሠራል። ስለዚ እናንተ ሱቅ ገዝታቹ የምትበሉት ቫይኪንጎቹ ከበሉት ጋር አንድ ነው ለማለት በጣም የሚቀርብ ብቸኛው ነገር ይሄ ነው።

የት ይገኛል? ከኖርዌይ ስቶክፊሽ (ይሄ ጨው ያልነካው ደረቅ ኮድ) በብዛት ከሚገዙ አገሮች አንዷ ናይጄሪያ ናት፣ ስለዚ አውሮፓ ውስጥ የትኛውም ከተማ ያለ የምዕራብ አፍሪካ ሱቅ ሂዱ፣ ስቶክፊሽ በሉ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ዓሣ ያመጡላቹሃል። ጨው ተደርጎበት ከደረቀው ኮድ ጋር እንዳታምታቱት፣ እሱ የኋላ ዘመን ነው።

ሁለት አበላል አለ። አንዱ ሳይበስል ነው፣ አይስላንድ ዛሬም የሚበሉት። ዓሣውን ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ አስቀምጣቹ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጡት። መጀመሪያ ድምፁ እንጨት በእንጨት ሲመታ ነው፣ ስትቀጥሉ ድምፁ ይለሰልስና ሥጋው ወደ ጭረት ጭረት ይከፈታል፣ ቢጫማ ነጭ ክር ይመስላል። ያኔ በእጃቹ ቅደዱትና ቅቤ ቀብታቹ ብሉ። ብዙ ማኘክ ይፈልጋል፣ ስታኝኩት ነው ጣዕሙ የሚወጣው። ለዚህ ግን ለእንዲሁ መብላት ተብሎ የተሸጠ ንፁህ ደረቅ ዓሣ ይሁን፣ ወጥ ውስጥ እንዲገባ የተሸጠውን ቀቅላቹ ብሉ።

ሌላው ነክሮ መቀቀል ነው። ሙሉ ዓሣ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየራቹ፣ ቁርጥራጭ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ቀን ይበቃዋል። ሽታ አለው፣ መያዣው ክዳን ይኑረው። ከራሰ በኋላ ጨው ባለው ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መንተክተክ ነው፣ ከዛ ቅቤ አቅልጣቹ ከላይ፣ ከገብስ ቂጣ ጋር።

ደረጃ 8፦ ስኪር

ስኪር ወፍራም እርጎ የሚመስል የአይስላንድ የወተት ምግብ ነው፣ አሁን ሱፐርማርኬት ሁሉ ይሸጣል፣ ግን ቤት ስትሠሩት አጓቱን ታገኛላቹ፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ሁለቱንም ነው። 2 ሊትር ስቡ የወጣለት ወተት 90 ዲግሪ ድረስ አሙቁ፣ ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ተራ ስኪር (ምንም ያልተጨመረበት፣ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ እንዳለበት የተጻፈበት) እና ጥቂት ጠብታ ሬኔት፣ የወተት ማርጊያው፣ አማስሉበት። በፎጣ ጠቅልላቹ ሌሊቱን ይደር። ጠዋት በቢላ ቆራርጡትና በንፁህ ስስ ጨርቅ ፍሪጅ ውስጥ አንጠልጥሉ፣ ግማሽ ቀን ይጥለል። የቀረው ወፍራሙ ስኪር ነው፣ ከእንጆሪና ከማር ጋር። የወረደው አጓት ለቂጣው ሊጥ፣ ወይ በውሃ ቀጥኖ የሚጠጣ።

አይስላንዶች ስጋ በኮመጠጠ አጓት ውስጥ ለክረምት ያቆዩ ነበር። ይሄን ቤታቹ እንዳትሞክሩት፣ አሲዱ በቂ ካልሆነ ገዳይ መርዝ ሊፈጠር ይችላል። ዓሣ አብላልቶ ማቆየትም እንደዛው። ማድረቅ፣ መቀቀል፣ መጋገር ይበቃናል።

ደረጃ 9፦ ሚድ

ሚድ የማር መጠጥ ነው። የየቀኑ መጠጣቸው ከገብስ ብቅል የሚጠመቀው ኤል ነበር፣ አይስላንድ ንብ ስላልነበረ ማር ውድ ነገር ነው። 1 ኪሎ ማር በ3 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ የወይን እርሾ ጨምሩ፣ አየር ማስወጫ ባለው ዕቃ (ጥብቅ ከተደረገ ይፈነዳል) ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀመጥ፣ ከዛ አተላውን ትታቹ ወደ ሌላ ዕቃ ቅዱ። ጌሾ አይግባ፣ ጌሾ የአፍሪካ ተክል ነው፣ ከገባ የሠራቹት ጠጅ ነው። እዛ አካባቢ መጠጥ ላይ ይጨመር የነበረው ፖሽ የሚባል ረግረጋማ ቦታ የሚበቅል መዓዛ ያለው ቅጠል ነው፣ ቁንጥር ታህል ይበቃል፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ግን አትጠጣው።

ደረጃ 10፦ የጉድጓድ ጥብስ

ይሄ ቦታና ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ከጓደኛ ጋር ሥሩት። የተቃጠሉና የተሰነጣጠቁ ድንጋዮች የሞሉባቸው የማብሰያ ጉድጓዶች ስካንዲኔቪያ ውስጥ ከቫይኪንግ በፊትም በብዛት ይገኛሉ።

60 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ግርጌውንና ጎኑን ጡጫ በሚያካክሉ ድንጋዮች ሙሉት። ድንጋዩ ከወንዝ ወይም ከባሕር ዳር እንዳይሆን! ውስጡ የገባ ውሃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ያፈነዳዋል፣ ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋል። ደረቅ ቦታ ላይ የቆየ ግራናይት ወይም ባዛልት ይሁን፣ ያም ሆኖ መጀመሪያ ሲነድ ራቅ በሉ። ድንጋዩ ላይ ለ2 ሰዓት ጥሩ እሳት አንድዱ። ያልነደደውን እንጨት አውጡ፣ ግማሹን ድንጋይ በአካፋ ወደ ዳር አድርጉ፣ 2 ኪሎ አካባቢ የበግ ታፋ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና የተወቀጠ የጥድ ፍሬ ተቀብቶ በጥቅል ጎመን ቅጠል ወፍራም አድርጋቹ ጠቅልሉና በእርጥብ ጨርቅ አስራቹ አስቀምጡ። የጋለውን ድንጋይ ከላይ መልሱ፣ ሣር ያለበትን የአፈር ንጣፍ ሣሩን ወደታች አድርጋቹ ክደኑ፣ ጭስ የሚወጣበት ቦታ ካያቹ አፈር ጨምሩ።

ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተዉት፣ እየከፈታቹ አትዩ፣ በከፈታቹ ቁጥር ሙቀቱ ይሄዳል። ስታወጡ ቴርሞሜትር መሐሉ ድረስ ክተቱ፣ ከ75 ዲግሪ በታች ከሆነ ድስት ውስጥ ቀቅላቹ ጨርሱት። 85 ከደረሰ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ይለያል፣ የጎመኑ ቅጠል ውጪው ይከስላል፣ ውስጡ ግን የስቡን መረቅ ጠጥቶ ከሥጋው እኩል ይጣፍጣል፣ እንዳትጥሉት።

አቀራረብና ከዛ በኋላ

ሹካ በማዕዳቸው ላይ አልነበረም፣ ሁሉም የራሱ ቢላ ነበረው፣ የእንጨት ጎድጓዳ ሳህንና የእንጨት ወይም የቀንድ ማንኪያ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ብቻ ይዛቹ ፌስቲቫል ሂዱ። ዮርክ ላይ በየካቲት የጆርቪክ ቫይኪንግ ፌስቲቫል አለ፣ ዴንማርክ ኦርሁስ አጠገብ ሞስጎር ላይ በሐምሌ መጨረሻ ከ1977 ጀምሮ የሚካሄደው ትልቅ ስብሰባ አለ፣ ፖላንድ ቮሊን ላይ ደግሞ በነሐሴ (እነዚህም በፈረንጅ ወር)። ኖርዌይ ሎፎተን የምትሄዱ ከሆነ ቦርግ የሚባለው ቦታ 83 ሜትር የሚረዝም የአለቃ ቤት እንደገና ተሠርቶ ቆሟል፣ ምድጃው ሥራ ላይ ነው። እንደደረሳቹ በቀጥታ እሳት ያለበት ጋር ሂዱና ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለና ከየትኛው ቁፋሮ እንደተነሱ ጠይቁ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ አንዲት የገብስ ፍሬ ለግማሽ ቀን ቢያወሩ አይሰለቻቸውም፣ ማማሰያውንም ይሰጧቹሃል።